«መቼ ነው?» ላሉኝ እናት፦ ስለ ሞት ቅጣት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር፣ ሙት ዓመት ላይ ነበርኩ። የሞተው ልጅ ባጃጅ ነጂ ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። አንድ ማታ ኮንትራት ይዞ ወደ ቱላ መንገድ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሬሳው በማግስቱ ተገኘ። ባጃጁ ከሳምንት በኋላ ሌላ ከተማ ውስጥ ታርጋው ተፈቶ ተያዘ። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሞላ።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ መበታተን ሲጀምር እናትየው ጠሩኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። የቋጠሩት የባጃጁን መጠባበቂያ ቁልፍ ነው። ባጃጁ ተሽጧል። ቁልፏን ግን ለገዢው አልሰጡም። ቀይ ክር አስረውባት የሄዱበት ሁሉ ይዘዋት ይሄዳሉ። በአውራ ጣታቸው እያሹዋት «የኔ ልጅ፣ አንተ ታነባለህ» አሉኝ። «ሞት ተፈርዶበታል ብለውኛል። መቼ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ» አልኳቸው። ቡና ቀረበ፤ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። ያቺ «እኔ እንጃ» ግን እስከ ቤቴ ተከተለችኝ። ስለ ሞት ቅጣት ፌስቡክ ላይ ብዙ ተከራክሬያለሁ። ሐይቅ ዳር እየተንሸራሸርን «ይሰቀል» ከሚሉ ጓደኞቼ ጋር ተኳርፌያለሁ። ፍርዱ በልጃቸው ደም ለተሰጠ እናት ግን አንዲት አጭር ጥያቄ መመለስ አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ሕጉን አነበብኩ፤ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቅኩ። የገባኝን ልጻፍ።

ከሕጉ ልጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት አለው ይላል። ወዲያው ግን በሕግ ለተደነገገ ከባድ ወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር ብሎ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በዚያ በር ይገባል። አንቀጽ 117 እንደሚለው የሞት ቅጣት የሚወሰነው ወንጀሉ ከባድ፣ ወንጀለኛውም በተለይ አደገኛ ሲሆን ነው። ወንጀሉ ከዳር የደረሰ መሆን አለበት፤ ሙከራ አይበቃም። አድራጊው በጊዜው 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። አንድም የቅጣት ማቅለያ መገኘት የለበትም።

ይህቺን የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ከዚህ በፊት ተከስሶ የማያውቅ ሰው የቀድሞ ጠባዩ ማቅለያ ሊሆንለት ይችላል። ተጸጽቶ እጁን የሰጠም እንዲሁ። ስለዚህ «ነፍስ አጥፍቶ እንዴት ሞት አልተፈረደበትም?» ብሎ ሰው ሲናደድ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያን ያያል፤ አስቦና አቅዶ በጭካኔ መግደል፣ በቡድን መግደል፣ ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸፈን ሲሉ መግደል። ባጃጅ ለመውሰድ ሲሉ ሾፌሩን መግደል እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። የሚመርጠው ዳኛው ነው።

ዳኛው ሞት ቢልም ገና አላለቀም። ይግባኝ አለ። ከይግባኝ በኋላ የይቅርታና የምሕረት ጉዳይ አለ፤ እሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ፍርዱ አይፈጸምም። በመጨረሻ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ማጽናት አለበት። ፕሬዚዳንቱ ካላጸናው ፍርደኛው ማረሚያ ቤት ይቀመጣል። በአደባባይ መፈጸም፣ በስቅላት መግደል በሕጉ ክልክል ነው። ስለዚህ «ይሰቀል» የሚለው ጓደኛዬ ሕጉ የማይፈቅደውን ነው የሚጠይቀው።

ታዲያ ፕሬዚዳንት አጽንቶ ያውቃል ወይ? ያውቃል። ለመጨረሻ ጊዜ የሞት ቅጣት የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም ክረምት ነው። የተገደለው የደኅንነት ኃላፊ የነበረውን ክንፈ ገብረመድኅንን በ1993 የገደለው ሻለቃ ነው። ከዚያ በፊት በ1990 ጄኔራል ሐየሎም አርአያን የገደለው ሰው ላይ ተፈጸመ። ክንፈም ሐየሎምም የመንግሥት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣችው ያቺ ቀይ ክር ያላት ቁልፍ ናት። ከ1999 ወዲህ ፍርድ ቤቶች ሞት መፍረዳቸውን አላቆሙም። አንድም ግን አልተፈጸመም።

የእማማ ጥያቄ መልስ እንግዲህ ይኸው ነው። መቼ እንደሆነ አይታወቅም፤ ጭራሽ ላይሆንም ይችላል።

አሁን ወደ ክርክሩ። እኔ የሞት ቅጣት መቅረት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ «ይገደል» የሚለውን ሰው ጨካኝ ወይም ኋላ ቀር አድርጎ መሳል ግፍ ነው። እነዚህ ሰዎች የያዙት ቁም ነገር አለ።

በ2016 ነሐሴ ላይ የባሕር ዳሯ የ7 ዓመት ሕፃን ጉዳይ አገር ያንቀጠቀጠ ጊዜ እዚህ ሐዋሳም ሌላ ወሬ አልነበረም። ሕፃኗ ተደፍራ ተገድላለች። ገዳዩ የተፈረደበት 25 ዓመት ነው። በዚያ ሰሞን ባጃጅ ውስጥ፣ ጸጉር ቤት፣ ቢሮ፣ የትም ብትገቡ ሰው «እንዴት?» ይላል። ሴት ልጅ ያለው አባት ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሰዓት ስለ ሰብአዊ መብት ድንጋጌ ማውራት ነውር ይመስላል። ሰዉ የጠየቀው ሚዛን ነው፤ የአንዲት ሕፃን ነፍስ ስንት ትመዝናለች? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው። በእኛ ሕግ ዕድሜ ልክ ማለት እስከ ሞት ማለት አይደለም። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረና ጠባዩ ከተሻሻለ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል። በ24 ዓመቱ የገባ በ44 ዓመቱ ይወጣል። ገና ሙሉ ሰው ነው። ያገባል፣ ይወልዳል። የሟች እናት ገበያ ስትወጣ መንገድ ላይ ልታገኘው ትችላለች። «ሞት ካልተፈረደ ምንም አልተፈረደም» የሚለው ሰው ይህን አይቶ ነው የሚናገረው። የሞት ቅጣት ይቅር የምንል ሰዎች ይህን ጉዳይ ዘለን ስናልፈው ሰው አያምነንም፤ ባያምነንም እውነቱን ነው።

ሦስተኛው ሥሩ ሩቅ ነው። በድሮው ሥርዓት ደም የሟች ዘመድ ገንዘብ ነበር። ገዳዩ ሲፈረድበት ለሟች ቤተሰብ ይሰጣል፤ ከፈለጉ ይገድሉታል፣ ከፈለጉ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። መንግሥት ኋላ ላይ ይህን መብት ከቤተሰብ እጅ ወሰደ። «አንተ አትግደል፣ እኔ እፈርድልሃለሁ» አለ። ይህ ውል ነው። መንግሥት ውሉን ካልጠበቀ ሰው ወደ ድሮው ይመለሳል። ደም መላሽ ይነሣል፤ ወይም ሌባ የተባለ ሰው መንገድ ላይ በድንጋይ ያልቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሃይማኖቱም አለ። የሰውን ደም የሚያፈስ ደሙ ይፈስሳል የሚለው ዘፍጥረት ውስጥ ነው። ቁርኣንም በቂሷስ (በተመጣጣኝ ቅጣት) ውስጥ ሕይወት እንዳለ ይናገራል። በእርግጥ እዚያው ዘፍጥረት ላይ እግዚአብሔር ወንድሙን በገደለው በቃየን ላይ ማንም እንዳይገድለው ምልክት አድርጎበታል። ቁርኣንም የሟች ዘመድ ይቅር ካለ መንገዱን ከፍቷል። ጥቅስ ለሁለቱም ወገን አይጠፋም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተቀብዬ ለምን «ይቅር» እላለሁ?

«ያስፈራል» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። ማታ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ሾፌሩን ለመግደል የተነሣ ሰው አንቀጽ 539ን አያስብም። የሚያስበው ልያዝ ይሆን ወይ ብሎ ነው። ይህን የባጃጅ ልጆች ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ሲመሽ ከከተማ የሚወጣ ኮንትራት አይቀበሉም፤ ከተቀበሉም ለጓደኛ ደውለው የሚሄዱበትን ይናገራሉ። ጥበቃቸው ይኼ ነው። የሌሎች ሀገሮች ልምድም ያው ነው። ካናዳ የሞት ቅጣትን በ1976 እ.ኤ.አ. ስታስቀር ግድያ ይበረክታል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በኋላ የታየው ግን ግድያው እየቀነሰ መሄዱ ነው።

የስሕተት ጉዳይ ግን እንቅልፍ ይነሣኛል። በአሜሪካ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ፍርዱ ተሽሮላቸው ነጻ የወጡ ሰዎች 200 ደርሰዋል። ይህ ላቦራቶሪ ባለበት፣ ጠበቃ በሞላበት፣ ይግባኙ አሥርና ሃያ ዓመት በሚወስድበት ሀገር ነው። እኛ ጋ የግድያ ክስ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በሰው ምስክር ነው። ሰው ይሳሳታል። ሰው ይፈራል። ሰው ይገዛል። ደሃው ተከሳሽ መንግሥት ያቆመለትን ተከላካይ ጠበቃ የሚያገኘው ችሎት በር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። የታሰረ ሰው ቢሳሳቱበት ይፈታል። ዕድሜው ተበልቶበታል፣ ግን ልጁን ያቅፋል። የተገደለ ሰው ምን ይደረግለታል?

ታሪካችንንም ተመልከቱ። በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ጎጃም ላይ ጣሊያንን ተዋግቶ በ1937 አዲስ አበባ ላይ በራሱ ሀገር መንግሥት ተሰቀለ። ዛሬ በስሙ መንገድ አለ። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በ1953 ተሰቀለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ ከእነሱ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን ይገኙበታል። ከዚያ የቀይ ሽብር ዘመን መጣ። እኛ ሀገር ገመዱን የያዘው ሰው ሲቀየር የሚሰቀለውም ይቀየራል። «ለሕፃን ገዳይ ብቻ ነው» ተብሎ የተቀመጠ ሥልጣን ነገ ለማን እንደሚውል ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሳዑዲ ዐረቢያ በሐሺሽ ማዘዋወር ወንጀል ኢትዮጵያውያንን በሞት ትቀጣለች። ብዙዎቹ ድንበር ሲሻገሩ የተያዙ ወጣቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ዜና ስንሰማ ሁላችንም «ምነው፣ ልጆቻችን!» እንላለን። «ቋንቋውን ሳያውቁ፣ ጠበቃ ሳያገኙ» እንላለን። ልክ ነን። ያን ለእነሱ የምንለውን እዚሁ ማረሚያ ቤት ላለው ደሃ ፍርደኛ ስለማንለው ነገር አስባለሁ።

ከሁሉ በላይ ሐሳቤን የለወጠው ግን እዚያው ሙት ዓመቱ ላይ የሰማሁት ነው። ከጎኔ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ የቤቱ ጎረቤት ናቸው። የእማማን ጥያቄ ሰምተዋል። ቀስ ብለው «ገዳዩ ተናግሯል ወይ?» አሉኝ። ምኑን አልኳቸው። «እውነቱን።»

ሲዳማ «ሀላሌ» የሚለው ነገር አለው። እውነት ማለት ነው፤ ግን ከቃሉ ሰፋ ይላል፤ በእውነት መኖርን ሁሉ ይይዛል። ሽማግሌዎች ሶንጎ ላይ ተቀምጠው ጉዳይ ሲያዩ «አፊኒ» ይላሉ። «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ነገሩ መሰማት አለበት። ሽማግሌው እንደነገሩኝ ነፍስ ያጠፋ ሰው ያደረገውን በአፉ ሳይናገር ደም አይደርቅም። ካሣው በኋላ ነው። እርቁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሀላሌ።

በእማማ ልጅ ጉዳይ ተከሳሹ እስከ መጨረሻው «አላውቅም፣ አልነበርኩም» ብሎ ነው የጨረሰው። ምስክር መሰከረበት፣ ባጃጁ ከእጁ ተያዘ፣ ተፈረደበት። ጥፋተኛ አይደለም እያልኩ አይደለም። ግን አስቡት። ሞት ከፊቱ ያለበት ሰው ለምን ይናገራል? «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ እንዲህ አደረግኩት» ማለት አንገቱን ማቅረብ ይመስለዋል። ዝም ካለ ምስክር ሊጠፋ ይችላል፣ ይግባኝ ሊሳካ ይችላል። እያንዳንዷ ዝምታ ሕይወቱ ናት። ስለዚህ የሞት ቅጣት ያለበት ችሎት አፍ ይዘጋል። ከእማማ ጋር ኋላ ስናወራ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ሲሞት ተጣርቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። እናቴን ብሎ እንደሆነ።» ይህን በዚህ ምድር ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰውየው ከሞተ እውነቱም አብሮት ይሞታል።

የባህል እርቅ ለግድያ ይበቃል እያልኩም አይደለም። አይበቃም። ድሮም ዛሬም ሽማግሌ ፊት የሟች ቤተሰብ ተገፍቶ «ይቅር በል» የሚባልበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ሟቿ ሴት ስትሆን። ቅጣት መኖር አለበት፤ ከባድ ቅጣት። እኔ የምለው እውነቱ እንዲወጣ የሚያደርግ ቅጣት ይሁን ነው።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ደግሞ ከሁለቱም ያጣ ነው። እንፈርዳለን፣ አንፈጽምም። ይህ ምን እንደሚያመጣ የደርግ ባለሥልጣናት ጉዳይ በደንብ ያሳያል። በዘር ማጥፋት ወንጀል ተከስሰው በ2000 ዓ.ም ጠቅላይ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለማርያምንና በርካታ ባለሥልጣናትን ሞት ፈረደባቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 እንዲህ ላለ ወንጀል ምሕረትና ይቅርታ ይከለክላል። አንዲት ነገር ግን ይፈቅዳል፤ ፕሬዚዳንቱ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ ሊያወርድ ይችላል። በ2003 ግንቦት መጨረሻ ላይ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ ለ23 ባለሥልጣናት አወረዱላቸው። ሰዎቹ ከ1983 ጀምሮ ታስረዋል። 20 ዓመት ሞልቷቸዋል ማለት ነው። ብዙዎቹ በአመክሮ ተፈቱ፤ 2004 መስከረም ላይ ቤታቸው ገቡ። የሞት ፍርዱ ከወረደ እስከ ቤት አራት ወር።

ሽማግሌዎች ነበሩ፤ መፈታታቸውን አልቃወምም። የሃይማኖት አባቶችም ይቅርታ ጠይቀውላቸው ነበር። ግን በቀይ ሽብር ልጇን ያጣች እናት ብትሆኑስ? ሦስት ዓመት «ሞት ተፈርዷል» ተብላችሁ ተቀምጣችሁ፣ አንድ ቀን ሰውየው ታክሲ ሲጠብቅ ብታገኙት? ሁለቱ ባለሥልጣናት ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ ደግሞ ከ1983 ጀምሮ አዲስ አበባ ጣሊያን ኤምባሲ ውስጥ ተጠልለው ነበር። ጣሊያን ሞት ወደሚፈረድበት ሀገር ሰው አልሰጥም ብላ ከለከለች። 29 ዓመት። በ2013 ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ሲወርድ ነው የወጡት። የሞት ቅጣት ባይኖር ኖሮ ጣሊያን ያነሣችው ምክንያት አይኖርም ነበር።

ሩዋንዳ ይህን ቀድማ ገብቷታል። ከዘር ፍጅቱ በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. 22 ሰዎችን በአደባባይ ረሽናለች። በ2007 እ.ኤ.አ. ግን የሞት ቅጣትን ጨርሳ አስቀረች። አንዱ ምክንያት አሩሻ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የዘር ፍጅት ችሎትና ሌሎች ሀገሮች ተጠርጣሪዎችን አሳልፈው እንዲሰጧት ነው። ያን ያህል ደም ያየች ሀገር። መንግሥቱ ኃይለማርያም የሚኖርባት ዚምባብዌም በ2024 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ቀን አስቀርታለች። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ምናንጋግዋ ራሳቸው በወጣትነታቸው ሞት ተፈርዶባቸው በዕድሜያቸው ማነስ የተረፉ ሰው ናቸው። ጎረቤታችን ጅቡቲ ካስቀረች ሠላሳ ዓመት አለፋት። በዓለም ላይ ለማንኛውም ወንጀል ያስቀሩ ሀገሮች በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 113 ነበሩ።

እኛስ? እኔ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። የሞት ቅጣት ከሕጉ ይውጣ። በምትኩ ግን ለከባድ ግድያና ለሕፃናት ደፋሪ ገዳይ 20 ዓመቱ ይርዘም። አመክሮ ሲታሰብ የሟች ቤተሰብ ቀድሞ ይነገረው፣ ቀርቦም ይናገር፤ ከሰው አፍ አይስማው። ፍርደኛው እውነቱን መናገሩ፣ ሬሳ ያለበትን ማሳየቱ፣ ቤተሰቡን ፊት ለፊት መጋፈጡ ለአመክሮ የሚታይ ነገር ይሁን። የጉዳት ካሣ የሚባለው ነገርም አለ፤ ገዳዩ ግን የሚከፍልበት የለውም። የማረሚያ ቤት ሥራው ገቢ የተወሰነው ለሟች ልጆች ቢደርስ ምን ይላል? ይህ ሁሉ ሥራ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ገዳይ መያዙ ነው። መርማሪው መኪና፣ ነዳጅ፣ ሥልጠና ካላገኘ አንቀጹ ላይ «ሞት» ተጻፈ «ዕድሜ ልክ» ተጻፈ ለባጃጅ ልጆች ልዩነት የለውም።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ገብርኤል በር ላይ እማማን አገኘኋቸው። ቁጭ ብለን የማውቀውን ነገርኳቸው። ይግባኙን፣ ይቅርታውን፣ የፕሬዚዳንቱን ፊርማ፣ ከ1999 ወዲህ እንዳልተፈጸመ። ላይሆንም እንደሚችል ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ። ቁልፏ እንደተለመደው እጃቸው ላይ ናት።

«እሺ» አሉ ቆይተው። «ካልሆነ ይቅር። ታዲያ ለምን ተፈረደ አሉኝ?»